በአመድማው በር ሳቢያ በቁሜ ስለተለቀሰልኝ ለቅሶ

ሐሙስ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ካዛንቺስ፤ ጸሐፊው ዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ከአራት ቀን ሆኖታል።

ለተከበሩ የአካባቢያችን የአጥርና የበር ቀለም አስከባሪ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ባለፈው ዓርብ ከሞትኩ ወዲህ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ስለ አሟሟቴ ዝቅ ብዬ ስለማስረዳ ለጊዜው አይደንግጡ። ስሜ ታዲዎስ አረጋዊ ይባላል፤ አርባ ዓመት የመጽሐፍ አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ የሰው ስሕተት አይቶ ማለፍ የማልችለው ከዚያ በተረፈኝ ልማድ ነውና ይቅርታዎ አይለየኝ።

በምስጋና ልጀምር። አጥርና በራችንን ሁሉ አመድማ እንድንቀባ ያዘዘው መመሪያዎ በታኅሣሥ ከደረሰን ወዲህ ሰፈራችን ታይቶ አይጠገብም። ቀድሞ መንገደኛ አንዱን ቤት አይቶ ሌላውን ለማየት ይደክም ነበር፤ አሁን አንዱን ሲያይ ሁሉንም ስላየ በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ቤቱን ካገኘው። ከዚህ ምስጋና ቀጥሎ ጥቂት ጉዳዮችን በቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. የግቢዬ የቆርቆሮ በር ታሪክ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ቀቢዎችዎ በብረት ቡሩሽ ሲፍቁት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። በመጀመሪያ አረንጓዴው ተነሣ፤ ከሥሩ በ1968 ዓ.ም. የያኔው የቀበሌ ሊቀመንበራችን ለበዓል ያስቀቡን ቀይ ብቅ አለ፤ ከቀዩ ሥር አባቴ በ1959 ዓ.ም. ቤቱን ሲሠሩ የመረጡት ቡናማ ነበር። ሊቀመንበሩ ቀዩ ቀለም ለዘላለም እንደሚኖር አረጋግጠውልን ነበር፤ እርሳቸው ግን ከቀለሙ ቀድመው ለቀቁ። አረንጓዴውን ያዘዘ ባለሥልጣን የለም። በ1983 ዓ.ም. ክረምት፣ አዛዡ ማን እንደሆነ ገና ሳይለይ፣ ጓደኛዬ ዓብዱሰላም መርካቶ ወርዶ፣ መርጦ፣ ገዝቶ በገዛ እጁ የቀባው ነው። በሰፈራችን ያለ ትእዛዝ የተቀባ በር ይኸው ብቻ ይመስለኛል፤ ምናልባት ጥፋቱም ይኸው ይሆናል።

2ኛ. ዓብዱሰላም የወሎ ሰው ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አርባ ዓመት አጥር ተጋርተናል። ቤቱ በልማት ሲነሣ ከከተማዪቱ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው። እንዲያም ሆኖ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ቀይሮ ይመጣና አብረን ጋዜጣ እናነባለን፤ ማለትም እኔ አነባለሁ፣ እርሱ ይቃወማል። ዐይኑን ሞራ ስለጋረደው አጥርቶ የሚለየው ቀለም ብቻ ነው። ለረዳቱ «አረንጓዴው በር ጋ ወራጅ አለ» ይላል፣ ይወርዳል። በከተማችን ቤት በቁጥር እንደማይፈለግ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ የላኩልን መመሪያ እንኳ ግርጌው ላይ «ለበለጠ መረጃ ከቀድሞው ዳቦ ቤት ጀርባ» ይላል። ዳቦ ቤቱ ከፈረሰ ሰነበተ፤ እኛ ግን እናገኝዎታለን።

3ኛ. ባለፈው ዓርብ ዓብዱሰላም ሲመጣ ግራ ቀኙ አመድ ሆነበት። ረዳቱ በግምት ያወረደው ከአንድ የለቅሶ ድንኳን ፊት ነበር። ሟቹ ከእኔ ሦስት ቤት ወረድ ብለው ይኖሩ የነበሩት አቶ ኢያቄም ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ዓብዱሰላም ግን የሞትኩት እኔ መሰልኩት። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ የሟች ስም አይጠየቅም፤ ተገብቶ ይለቀሳል። ገባ፣ አለቀሰ፣ ቆሎ ተዘገነለት። አጠገቡ የነበሩት ሰው ሟቹ ትዕግሥተኛ እንደነበሩና በዕድሜያቸው ሙሉ በማንም ላይ ድምፃቸውን ከፍ እንዳላደረጉ ሲያወሩለት፣ «ይኼ ሁሉ ትዕግሥት ታዲያ እኔ ጋ ሲደርስ የት ይሄድ ነበር?» ብሎ መጠየቁን ራሱ ነግሮኛል። ሰውየውም ኀዘን የጎዳው የቅርብ ዘመድ መስሏቸው ትከሻውን እየደባበሱ አጽናኑት። ማታ ለተበተኑት የቀድሞ ጎረቤቶቻችን በሙሉ ደወለ። ለእኔ አልደወለም፤ ለሞተ ሰው ማን ይደውላል? እኔ ለምን ቀረ ብዬ ስደውል ደግሞ ስልኩ ተይዟል፤ የእኔን ሞት እያረዳ ነበር።

4ኛ. ቅዳሜ ጠዋት ደጄ ላይ ቆሜ ፀሐይ ስሞቅ፣ ዓብዱሰላም ካለበት ሕንፃ የምትኖረው የቀድሞ ጎረቤታችን ሀዲያ ከሁለት ሴቶች ጋር እያለቀሰች ስትመጣ አየኋት። ስታየኝ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እንባዋን ጠረገችና፣ «ጋሽ ታዲዎስ፣ ካልሞቱ ታዲያ ምነው ዝም አሉ? በሦስት ታክሲ ነው እኮ የመጣነው» አለችኝ። በሕይወት ስለ መገኘቴ ይቅርታ ጠይቄ ሻይ ጋበዝኳቸው።

5ኛ. በዚህኛው እንኳ አልቀልድም። ዓብዱሰላም አፍሯል። ስደውልለት፣ «አንተ ሰው፣ እኔ ሁለተኛ አልመጣም። ነገ ደግሞ የማን ድንኳን ውስጥ እንደምገባ ምን አውቃለሁ? አንድ ጊዜ አልቅሼልሃለሁ፣ ይበቃሃል» ብሎ ዘጋው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሁሉ ያከብረኛል፤ የምናገረውን ሰምቶ «ውሸት ነው» የሚለኝ የቀረኝ ሰው ግን እርሱ ብቻ ነው። ባለፈው ሰኞ አንድ በር ብቻ አረንጓዴ ይፈቀድልኝ ብዬ ከመስኮትዎ ቀርቤ ነበር። ባልደረባዎ ወይዘሪት ሉሊ በመልካም ፈገግታ፣ «አባቴ፣ ሲስተሙ ላይ ያለው ቀለም አንድ ብቻ ነው» ብላ መለሰችኝ። መንግሥታት ሲለዋወጡ አይቻለሁ፤ ሲስተም ሲለወጥ ለማየት ግን ዕድሜ የሚበቃኝ አልመሰለኝም። ስለዚህ ያንኑ አንድ በር በዚህ ደብዳቤ ደግሜ እለምናለሁ።

ለሰጡን ውበት፣ ለወሰዱብን ምልክትና እኔን ሳልሞት የሚያለቅስልኝን ሰው ለይቼ እንዳውቅ ስላደረጉኝ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ቀብሩ ገና ያልተፈጸመው አገልጋይዎ፣
ታዲዎስ አረጋዊ

እንደገና ያከልኩት፦ ነገ ዓርብ ነው። ዓብዱሰላምን ለምኜው «ኢንሻአላህ፣ እናያለን» ብሎኛል። በ1979 ዓ.ም. የሰፋልኝን አረንጓዴ ኮት ከሣጥን አውጥቻለሁ፤ ትከሻው ቢሰፋኝም ቀለሙ አልለቀቀም። እርሱን ለብሼ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ደጄ ላይ እቆማለሁ። የተከለከለው በር መሆኑን መመሪያዎን ሦስት ጊዜ አንብቤ አረጋግጫለሁ፤ ስለ ሽማግሌ ኮት የሚናገር አንቀጽ ካለዎት ግን ከሰባት ሰዓት በፊት መልእክተኛ ይላኩልኝ። ቤቱ እንዳይጠፋበት፣ አረንጓዴውን ሰው ይፈልግ። ደብዳቤውን አሽጌ፣ ዛሬውኑ በአሥር ሰዓት ከቀድሞው ዳቦ ቤት ጀርባ እልከዋለሁ።