ሚጣን ያስቀባሃት ቅቤ

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጃችሁስ አደገች? ብናደድብህም ደህንነትህን የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ ክፉህን አልመኝም። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው እዚያው የውበት ሳሎን ነው፤ ከጸጉር ማጠቢያው አንስተው ፊት እንክብካቤ ክፍል አስገብተውኛል። ሰውነቴ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን አሯል።

ለእማዬ ደውለህ «እንጀራዬን ዘጋችብኝ፣ እህት ብላት ጠላት ሆነችብኝ» ማለትህን ሰማሁ። እሷም አንጀቷ አልችል ብሎ «ምን አድርገሽው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንግዲህ እኔ ያደረግሁትንም አንተ ያደረግከውንም በጽሑፍ እነግርሃለሁ። በስልክማ አሁን አሁን ገና አፌን ስከፍት ትዘጋብኛለህ።

በቀደም እዚህ ሰው አገር የምትኖር አንዲት የአገራችን ልጅ ሳሎን መጣች። ጉንጯና አገጯ ብጉር በብጉር ነው። ወንበሩ ላይ ጋደም ብላ ፎጣ ሳስርላት ፊቴ ላይ አፈጠጠች። ከዚያ ብድግ ብላ «አንቺ ነሽ! በቅቤው የዳንሽው አንቺ ነሽ!» አለችኝ። የምን ቅቤ ስላት ስልኳን አውጥታ ቅቤ የምትሸጥበትን የንግድ ገጽህን አሳየችኝ። በግራ በኩል በብጉር ያበጠ ፊት፣ ከሥሩ «በፊት» የሚል ተጽፎበታል። በቀኝ በኩል እኔ፣ ለአባባ ብዬ በላክሁት ፎቶ ጥርሴን ገልጬ፣ ከሥሬ «በኋላ» ተብሎልኛል። ግራውን ፊት ለመለየት አልቸገረኝም። ሚጣ ናት። የገዛ ታናሽ እህታችን! አዎ፣ እንመሳሰላለን፤ ቅንድባችን እንኳ አንድ ነው። እግዜር ያመሳሰለን አንተ እንድትነግድብን ነው እንዴ?

ልጅቷ ቅቤህን በሰው አስልካ እየጠበቀች ነበር። ያንን ቅቤ በሕይወቴ ነክቼው እንደማላውቅ ብነግራት አላመነችኝም፤ ምስጢሩን የደበቅኋት መስሏት አኩርፋኝ ወጣች። በራሴ ፊት ውሸታም ተባልኩ።

ያን ቀን ከሥራ እንደወጣሁ ለሚጣ ደወልኩላት። መጀመሪያ ደህና ነኝ አለች፤ ቆይታ ግን ለቅሶው አሸነፋት። ፎቶውን ስታነሳት «ለእህትሽ ልልክላት ነው፤ ሙያዋ ስለሆነ መላ ትነግርሻለች» ብለሃት ነበር። አንድም ፎቶ አልደረሰኝም። እሷ ግን መልሴን ትጠብቅ ነበር፤ ዝም ያልኳት መስሏት ተቀይማኝ ነበር! በምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ አንዲት ወላጅ ያንን ፎቶ ከስልኳ እያሳየች «ይሄ ነገር ለልጆቹ ይጋባል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ሚጣ ከዚያ ወዲህ ማስተማሩን ትታ ቤት ተከተተች። ይህን ሁሉ ስታውቅ አፍህን ሞልተህ «በቅቤዬ የዳነች» ብለህ ትለጥፋለህ?

ስጠይቅህ «ተፈጥሯዊ ነው» አልከኝ። ሳማም እኮ ተፈጥሯዊ ነው፤ ለምን ፊትህን አታሽበትም? የካካዎ ቅቤና የኮኮናት ዘይት አቅልጠህ፣ ሽቶ ጠብ አድርገህበት፣ ብጉር ላለባት ለሚጣ «በየማታው ወፈር አድርገሽ ተቀቢ» ይባላል? ለተሰነጣጠቀ ተረከዝ ብትሸጠው እኔም እመርቅህ ነበር። ብጉር የሚወጣበት ፊት ወዝ አላነሰውም። ከባድ ቅባት ስትጭንበት ቀዳዳው ይደፈናል፤ እብጠቱ ይብሳል። ሲብስባት ደግሞ «ቆሻሻውን እያወጣው ነው፣ ጨምሪበት» አልካት። ታላቋ ነህና አምናህ ጨመረች።

ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ብጉርን ዘይት አያድነውም፤ ይህን ላንተም ለማንም እላለሁ። ፊቷ ሲደርቅባት ለማለስለስ ያህል ግን ቀለል ያለ፣ ሽቶ ያልገባበት ዘይት መምረጥ ይቻላል፦ የሱፍ ዘይት፣ የወይን ፍሬ ዘይት፣ ከተገኘም ጆጆባ ከሚባለው ፍሬ የሚወጣው። እሱንም መጀመሪያ አገጭ ሥር ትንሽ ሞክሮ፣ ጥቂት ቀን አይቶ፣ ካልቆጣ ብቻ። እንደ ወጥ አይፈስስም፤ ፊት ታጥቦ እርጥብ እያለ ጠብታ ይበቃል። ከዛፍ ፍሬ የሚወጣው የሺያ ቅቤ እንኳ ለአንዷ ተስማምቶ ሌላዋን ያስቆጣል። አንተ ግን አንድ ብልቃጥ አንስተህ ለሕፃን፣ ለሽማግሌ፣ ለብጉር፣ ለሽፍታ አልክ። ለጥርስ ሕመም ሳትል መቅረትህ ይገርመኛል።

ፎቶዎቹን አንሳ ብዬ ለመንኩህ። ሳቅክብኝ፤ «ቤተሰብ አይደለን እንዴ? ከፊትሽ ምን ይጎድላል?» አልከኝ። በዚህ ጊዜ ነው ከማስታወቂያህ ሥር የጻፍኩት፤ እነዚህ ፊቶች የሁለት እህትማማቾች ናቸው፣ ግራዋ ይህን ቅቤ ተቀብታ የባሰባት ናት፣ ቀኟ ቅቤውን አይታው አታውቅም አልኩ። ስትሰርዘው ደግሜ ጻፍኩ። እንጀራህን ዘጋሁ የምትለው ይህንን ነው። ያቺ ያኮረፈችኝ ልጅ አንብባው ተመልሳ መጣች፤ ቅቤው ይቅርብኝ ብላ ልካለች። ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅህም።

የሚጣን ወሬ አንተ ስለማትጠይቅ እኔው ልንገርህ። እማዬ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወስዳት ቅቤውን አስጣሏት፤ መድኃኒትም ሰጧት። እብጠቱ ጎድሏል፤ ጠባሳው ግን ጊዜ ይፈልጋል ተብላለች። በዚህ ሳምንት ፊቷን የምትሸፍንበትን ሻርፕ አውልቃ ወደ ማስተማሪያ ክፍሏ ተመለሰች። ልጆቹ ተንጋግተው ተጠመጠሙባት። ያቺ ወላጅ እንደገና ብቅ ስትል ሚጣ «አይጋባም እትዬ፤ የሚጋባው ወሬ ነው» አለቻት አሉ። ስሰማ በሳቅና በእንባ መሐል ሆንኩ።

አሁን የምልህ ይህንን ነው። ፎቶዎቹን አንሳ። ከዚያ እማዬ ቤት ሂድ። ስጦታ አትያዝ፣ ሽማግሌ አትላክ። ሚጣን በራስህ አፍ አጠፋሁ በላት። ቶሎ ይቅር ላትልህ ትችላለች፤ እሱም የእሷ ፋንታ ነው።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። አባባን ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቅልኝ። ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለልጃችሁ አክስትሽን ናፍቀሻታል በላት። ለሚጣ የሚሆነውን ሰላምታ ግን ባንተ እጅ አልልክም።

ታናሽህ፣
ከሳሎኑ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ