ፒስታ መንገድ ለማይወድ ተጎታች የተራዘመ ዋስትና ስለመግዛትና ስላለመግዛት

«የላኩልንን የጎማ ደብተር በጥንቃቄ መርምረናል። በገጽ 3፣ መስመር 4 ላይ ‹አስፋልቱ እዚህ ያበቃል፤ የተጎታቹን ሁለት ጎማዎች አስተነፈስኩ› የሚል በራስዎ እጅ የተጻፈ ማስረጃ አግኝተናል። ተጎታቹ በአስፋልት ባልተሸፈነ መንገድ ላይ መነዳቱ በዚህ ስለተረጋገጠ የጠየቁት ጥገና በዋናው ዋስትና አይሸፈንም። ይሁንና እንደ እርስዎ ላሉ ጠንቃቃ ደንበኞች ያዘጋጀነውን የአምስት ዓመት የተራዘመ ዋስትና እስከ ጁን 14 ቀን ድረስ እንዲገዙ በደስታ እንጋብዝዎታለን። መልካም ጉዞ!»

ለክቡር ሚስተር ብሬት ሃሎራን
የተራዘመ ዋስትና ክፍል የበላይ ኃላፊ
ሜልበርን

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ፎቅ ሥር በጥላ የቆመው የመኪናዎ ጤናም እንደምን ሰንብቷል? እኛ በዊልጋ ክሪክ የምንኖረው፣ አቧራውን ሳይጨምር፣ ደህና ነን።

ከላይ ያሰፈርኩት ክፍልዎ ሜይ 19 ቀን የጻፈልኝ ደብዳቤ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም፤ አልቀነስኩበትምም። «መልካም ጉዞ» የሚለውም የእርስዎ ነው። መልሴን በጋዜጣ ያወጣሁት ክቡርነትዎን ለማሳጣት ብዬ አይደለም። ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች «መልእክትዎ ደርሶናል» ከሚል ምላሽ በኋላ የት እንደገቡ ስላላወቅኩ፣ ምናልባት ቁርስ ላይ ጋዜጣ ያነቡ እንደሆነ በሚል ተስፋ ነው።

ከአቤቱታዬ በፊት ግን ምስጋና አለብኝ። ለወረዳችን መንገድ ስለካ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የእጅ ጽሑፌን እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ ያነበበ አለቃ ገጥሞኝ አያውቅም። የእርስዎ ክፍል ግን መስመሩን ሳይቀር ቆጥሮ አነበበልኝ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ላስረዳ። ተጎታቹ ከመኪና ኋላ የሚሳብ፣ ሲቆም ድንኳን የሚዘረጋበት ማደሪያ ነው። በእኛ አገር ሰው ከአስፋልት ወርዶ ፒስታ ከመጀመሩ በፊት ዳር ይዞ ይቆምና የጎማውን ነፋስ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ድንጋዩ ጎማውን ይበላዋል፤ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነው መንገድም የመኪናውን ብሎን አንድ በአንድ ይፈታል። ጎማው ፍስስ እያለ ሲተነፍስ፣ በዚያው የቆመ ሌላ ሰው ካለ፣ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ይወራል። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት የነፋሱን ልክ፣ ቀኑንና ሙቀቱን በደብተር እጽፋለሁ። ባለቤቴ ጃኒን ደብተሩን «የጎማዎቹ የክትባት ካርድ» ትለዋለች። የጥገና ጥያቄዬን ስልክላችሁ የደብተሩን አሥራ አንድ ገጾች ቅጂ ያያያዝኩት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ዕቃውን እንዴት እንደምንከባከበው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ደስ እንዳላችሁም ከደብዳቤው ተረድቻለሁ።

ጎረቤቴ ዳርሲ፣ የከተማችን ብቸኛ በያጅ፣ ይህን ስነግረው የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው። «አንተ ጄፍ፣ ሌባ እንኳ ፖሊስ ጣቢያ ሲጠራ የሰረቀበትን ቤት ካርታ ስሎ ይዞ አይሄድም!» አለኝ።

አሁን ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ ልንገርዎ። ጃኒን የግራ ዓይኗን ካጣች አራት ዓመት አለፋት። የቀኙ ጁን 24 ቀን አደላይድ ውስጥ ኦፕሬሽን ይደረጋል። ሐኪሙ አይሸፋፍንም፤ ኦፕሬሽኑ ካልተደረገ ዓይኑ መጥፋቱ እንደማይቀር፣ ቢደረግም ከሦስት ሰው አንዱ ጨርሶ እንደሚጨልምበት ፊት ለፊት ነግሮናል። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ጃኒን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። የካቲ ታንዳ ሐይቅ፣ ለዓመታት ነጭ የጨው ሜዳ ሆኖ የሚከርመው፣ ዘንድሮ ከሰሜን በወረደ ጎርፍ ሞልቷል፤ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎችም ማን እንደነገራቸው ሳይታወቅ መጥተው ሰፍረውበታል። «እሱን አሳየኝ» አለች። «ዓይኔ ቢጠፋ ደግሜ ደጋግሜ የማየው አንድ ደህና ነገር ልያዝ። የሆስፒታል ግድግዳ ይዤ አልገባም።»

ሐይቁ ከቤታችን 310 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አንዷም ኪሎ ሜትር አስፋልት አይደለችም። በተራ ድንኳን እንዳንሄድ፣ ጃኒን በአንድ ዓይን የነገሮችን ርቀት መለየት ስለሚቸግራት የድንኳኑ ገመድ እየጠለፈ ይጥላታል። ባለፈው ዓመት የእናንተን ተጎታች የገዛነውም ለዚህ ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ አለው፣ ደረጃው መያዣ አለው፣ የሚያደናቅፍ ገመድ የለውም። እንግዲህ በኤፕሪል ወር ሥሩን ሳጥብ፣ ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር በሚያስረው ብረት ላይ የጸጉር ያህል ስንጥቅ አገኘሁ። የዛሬው ጥያቄ በዚህች ጸጉር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ቅሬታዎቼን በቁጥር ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ቁጥር እንደሚወዱ ከደብዳቤዎ ስላየሁ ነው።

አንደኛ። የማስታወቂያ መጽሔታችሁ ሽፋን ላይ ይኸው ተጎታች እስከ መስኮቱ ድረስ ቀይ አቧራ ለብሶ፣ አጠገቡ አንዲት ወጣት በባዶ እግሯ ስትስቅ ይታያል። ያንን መንገድ አውቀዋለሁ፤ የለካሁት እኔ ነኝ። ከአስፋልቱ 61 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ የቦይ ድልድዩ ጋ ነው። ተጎታቹ ፒስታ ሳይነካ እዚያ እንዴት እንደደረሰ በትሕትና ብጠይቅ፣ ክፍልዎ «ፎቶው የአኗኗርን ስሜት ለመግለጽ የተነሳ ነው» ሲል መለሰልኝ። ስሜቱ በሚገባ ገብቶኛል። እባክዎ ተጎታቹ በሄሊኮፕተር ወርዶ ከሆነ የሄሊኮፕተሩን ስልክ ይላኩልኝ።

ሁለተኛ። የተራዘመውን ዋስትና ለመግዛት በቅንነት አስቤያለሁ። ዋጋው አይደለም ያስቸገረኝ። ሠላሳ አራቱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ የሚሸፈነውንና የማይሸፈነውን በሁለት ዓምድ ጽፌያለሁ። በማይሸፈነው ዓምድ ውስጥ ሻንሲ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ የድንኳኑ ሸራ፣ አቧራ የነካው ማንኛውም ነገር እና «ከተፈጥሯዊ አጠቃቀም የመጣ ጉዳት» ይገኛሉ። በሚሸፈነው ውስጥ ደግሞ የቁም ሳጥኑ እጀታና የፍሪጁ የውስጥ አምፖል አሉ። ይህን ለጃኒን ባነብላት ጊዜ «እሰይ! እንግዲህ እኔ ባላይም ፍሪጁ ውስጥ ያለው ቅቤ ያየናል» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በገጽ 22 ላይ ደግሞ ዋስትናው የሚጸናው ተጎታቹ ውል ባላችሁ ጋራዥ ከተፈተሸ በኋላ እንደሆነ፣ ከመፈተሹ በፊት ፒስታ ከነካ ግን ውሉ እንደሚፈርስ ተጽፏል። ውል ያላችሁ ቅርብ ጋራዥ አደላይድ ነው። ከቤቴ በር እስከ መጀመሪያው አስፋልት 143 ኪሎ ሜትር ፒስታ ነው። ስልክ ደወልኩ። ብሪያና የምትባል፣ ድምፅዋ ደስ የሚል ልጅ አነሳች።

«አይዞህ ጄፍ፣ ምንም ችግር የለም!» አለችኝ። ስሜ ጄፍሪ ትሬዋርታ እንደሆነ፣ ችግርም እንዳለ ነገርኳት።

«በጭነት መኪና አስጭነህ አምጣው» አለች።

«የጭነት መኪናውም በዚያው ፒስታ ነው የሚመጣው።»

«እሱማ ይምጣ። ፒስታውን የሚነካው የሱ ጎማ ነው፣ ያንተ አይደለም።»

የሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ መልስ ስለማይገኝ ጻፍኩት። በእኛ መንገድ የሚያልፈው ብቸኛ የጭነት መኪና ከብት የሚጭን መሆኑን፣ ከብቶቹም ቦታ የሚለቁ እንደማይመስለኝ ስነግራት ከልቧ ሳቀች፤ «አንተ ደግሞ ታስቃለህ!» አለችኝ። ከዚያ ለፍተሻ የመጀመሪያው ክፍት ቀን ጁላይ 29 መሆኑን ነገረችኝ። የባለቤቴ ኦፕሬሽን ጁን 24 እንደሆነ ነገርኳት። «ውይ» አለች፣ «እኔ እኮ ቀኑን መቀየር አልችልም።» ከእናንተ መሥሪያ ቤት የሰማሁት ብቸኛ እውነተኛ ቃል ይህ ስለሆነ ልጅቷን እንዳትቆጧት አደራ።

ሦስተኛ። አለመግዛትንም በእኩል ቅንነት አስቤበታለሁ። ዳርሲ ስንጥቁን በአርባ ደቂቃ እበይደዋለሁ ይላል። ይበይደዋል፤ እጁ የታመነ ነው። ነገር ግን ብረቱ ለምን እንደተሰነጠቀ እሱም እኔም አናውቅም። አንዱ ከተሰነጠቀ በወዲያኛው ጎን ያለው ወንድሙስ? ብየዳው አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ አሥር ኪሎ ሜትርም ሊቆይ ይችላል። ያንን መንገድ ሌላ ሰው በግምት ያውቀው ይሆናል፤ እኔ በሜትር ነው የማውቀው። ከ118ኛው እስከ 260ኛው ኪሎ ሜትር ስልክ አይሠራም፣ ውሃ የለም፣ በቀን ሁለት መኪና ካለፈ ብዙ ነው። እዚያ ላይ አክሱሉ ቢወልቅ፣ ለኦፕሬሽኗ ቀናት የቀሯትን፣ አንድ ዓይን ብቻ ያላትን ሴት ይዤ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤትንም ጠየቅኩ። ሕጉ ከእኔ ጋር እንደሆነ፣ የእናንተ ዋስትና ምንም ቢል ዕቃው ለተሸጠበት ሥራ መብቃት እንዳለበት በጨዋነት አስረዱኝ። ደስ አለኝ። ቀጥለው ጉዳዩ የሚሰማው ኦገስት 12 ቀን እንደሆነ፣ እስከዚያም ስንጥቁ ማስረጃ ስለሆነ እንዳይነካ አሳሰቡኝ። እናም ብበይደው መብቴን አጣለሁ፤ ባልበይደው ሐይቁን አጣለሁ።

አራተኛ። «ጠንቃቃ ደንበኛ» ብላችሁኛል። ይህን ቃል መልሳችሁ ብትወስዱልኝ።

በኮምፒውተር የሚሞላው የመግዣ ቅጻችሁ መጨረሻ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንደኛው «እገዛለሁ» ይላል። ሁለተኛው «በፈቃዴ ትቻለሁ፤ በእኔም ሆነ አብረውኝ በሚጓዙ ሰዎች ላይ ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ይላል። ሦስተኛ ቁልፍ የለም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ቅጹን ከፍቼ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። ቁጥር መደመር ይሁን መንገድ መለካት፣ በሕይወቴ ሳልጨርሰው የቀረሁት ሥራ የለም፤ ይህ ግን አልደመር አለኝ። ትናንት ጃኒን ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ገጹን ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች።

«ጄፍ፣ አንተ ገጽ ትገልጣለህ» አለችኝ፣ «ውሃው ይደርቃል፣ እኔ ደግሞ ይጨልምብኛል። አንዱን ተጫን በቃ።»

«የትኛውን?»

«እኔ ምን አውቄ! አንተ አይደለህ እንዴ ያነበብከው?»

አነበብኩት፣ ክቡር ሆይ። ሦስት ጊዜ። ጣቴ ግን በአንዱም ላይ አልወርድ አለ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው ዋስትናም፣ ካሳም፣ ይቅርታም አይደለም። ክፍልዎ ብረት የሚያውቅ አንድ መሐንዲስ አያጣም ብዬ አምናለሁ። ያ ሰው ከዚህ ጋር ያያያዝኩትን የስንጥቁን ፎቶና ልኬት አይቶ፣ ተጎታቹ በብየዳ 620 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ መሄድ ይችል ወይም አይችል እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፍልኝ፤ እርስዎም ያ መስመር በኋላ በእኔ ላይ ማስረጃ እንደማይሆን በሥሩ ይፈርሙበት። መልሱ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ተደግፎ፣ እስከ ዓርብ ጁን 13 ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። በማግስቱ ቅዳሜ ካልተነሳን፣ በዝግታ ሄደን፣ ጥቂት ቀን ሐይቁን አይተን፣ አደላይድ ለኦፕሬሽኑ በጊዜ አንደርስም።

ፋይሎችዎ ከአቧራ፣ ወንበርዎ ከመንቀጥቀጥ፣ ሕሊናዎም ከማንኛውም ኮረኮንች እንዲጠበቁ እየተመኘሁ፣

በገጽ 3፣ መስመር 4 የሚያውቁኝ
አክባሪዎ
ጄፍሪ ትሬዋርታ
ዊልጋ ክሪክ፣ ደቡብ አውስትራሊያ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ መልሱን ራሷ ማንበብ እንደምትፈልግ እንድጽፍልዎ አዝዛኛለች። አሁን የምታየው የጋዜጣ ርዕስ የሚያህለውን ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ በትልልቁ ያስጽፉት። ከጁን 24 በኋላ የሚልኩት ከሆነ ግን ስለ ፊደሉ መጠን አይቸገሩ፤ እኔ አነብላታለሁ።