ኮምፒውተሩ ሞቷል ያለኝ ሰሞን

የካቲት 24

በረዶው አልለቀቀም። ላሟ ዛሬም ባልዲውን በእግሯ ደፋችው... ክፋቱን ከኔ ተምራ ነው ይላሉ። ምሳ በላሁ፣ ክኒኔን በእርጎ ዋጥኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንድ። ደሜ ውስጥ ነጩ ከልኩ በላይ ይበዛል፤ ልጓሙ ይቺ ክኒን ናት። የደም ካንሰር ነው፣ ያውም ከብርቅዬው ወገን። በዚህ ሁሉ ተራራ መሀል የኔ ብጤው ቢሰበሰብ አንድ ሚኒባስ አይሞላም።

ምራቴን አናርኩልን ደግሞ ነካካኋት።

"ልጄ፣ ድስቱ ውስጥ ምን አለ?"

"ሥጋ ነው አባባ።"

"የምን? የፈረስ? የበሬ?"

"የ... የመአ ባይ።"

ሾርባው በሳቅ ትን አለኝ። ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። የኔ ስም ኮዙበክ ነው። ኮዙ ደግሞ ጠቦት ማለት ነው። ስለዚህ ጠቦትም በዚህ ቤት ስም የለውም። ሃያ ስድስት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ አላመለጣትም። ልጄ ሩሲያ ሥራ ላይ ነው፤ ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት አለፈ። የቀረነው ሁለታችን ነን... እኔ ላሾፍ፣ እሷ ልትችለኝ።

የካቲት 28

በረት ሆኜ ስልክ ተደወለ። ስገባ አናርኩል ስልኩን ይዛ ቆማለች።

"ማን ነው?"

"ከቢሽኬክ፣ አንድ ልጅ። የሕሙማን መዝገብ ቤት ነን አለ። ግማሹን በሩሲያኛ ነው የሚያወራው። የታማሚውን ሙሉ ስም ይንገሩኝ አለኝ። ያንን ስም በቤታችን አንጠራም አልኩት።"

"እሺ?"

"የሆነ ነገር መታ መታ ሲያደርግ ሰማሁት። ከዚያ በጣም አዝናለሁ ብሎ ዘጋው።"

"ምኑ ነው ያሳዘነው?"

"እንጃ አባባ። ስላስቸገረኝ ይሆናላ።"

ጨዋ ልጅ ነው።

መጋቢት 4

ክኒኔን ላመጣ ናሪን ከተማ ሆስፒታል ወረድኩ። ነርሷ ሮዛ ከበሩ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አባባ! አልሞቱም እንዴ?"

"እኔ እስካሁን አልሰማሁም" አልኳት።

ለካስ ያ ጨዋ ልጅ ቀብሮኛል! ስም የማይጠራው ሰው ቢሞት ነው ብሎ። የዋና ከተማ ልጅ... ምን ያውቃል?

በኔ ብቻ ቢያልቅ እስቅ ነበር። ጃዝጉል የምትባል ሳምቡሳ ሻጭ አለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት። ባለፈው ወር የኔው በሽታ ተገኘባት። ክኒኑን አልጀምርም ብላለች። አጎቷ ክኒኑ ሳይመጣ በፊት በዚሁ ሞቷል፤ ማንም አይተርፍም ነው የምትለው። ሮዛ "ዘጠኝ ዓመት የኖሩ ሽማግሌ አሉ፣ ነይ ላሳይሽ" ብላ ኮምፒውተሩን ብትከፍት... "ሞቷል" ይላል። ልጅቷ ዓይኗ እያየ።

ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ቆቤን አነሳሁ።

"ሟቹ እኔ ነኝ።"

አልሳቀችም። "ወንድማቸው ነዎት?"

"ኧረ ራሴ ነኝ።"

"አባባ፣ አይድከሙ። አጎቴን እስኪሞት ድረስ ጨጓራ ነው እያሉ ዋሹት። አሁን ተራው የኔ ነው። እናቴ ትዋሻለች፣ ባሌ ይዋሻል፣ ይኸው ሽማግሌም ተከራዩልኝ።"

መታወቂያዬን አሳየኋት። "የሟች መታወቂያ ማምጣት ከባድ ነው?" አለች።

እኛው ነን ያስተማርናት። ለታማሚ እውነት አይነገርም በኛ ዘንድ። እኔንም መጀመሪያ ላይ የደም ማነስ ነው ብለውኛል።

"እና ማንን ታምኛለሽ?"

"ኮምፒውተሩን። እሱ እኔን ለማጽናናት ብሎ አይዋሽም።"

ከዘንቢሏ አንድ ሳምቡሳ ገዛሁ። ጨው በዝቶበታል፤ ነገርኳት። "ለሞተ ሰው ምን ይጎዳዋል?" አለችኝ።

ወደድኳት።

መጋቢት 5

አይዚሬክ ደወለች፣ የአናርኩል ልጅ፣ የልጅ ልጄ። እዚያው መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ስንት ሰው እንደታመመ፣ ስንቱ በሕይወት እንደቆየ ትቆጥራለች።

"አያቴ፣ መቼ ነው የሞቱት?"

"ማክሰኞ መሰለኝ። ከምሳ በፊት ነው፣ ርቦኝ ነበር።"

ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች። እሷ ፊት ስም አይታይም፣ ቁጥር ነው። አንዱ ቁጥር ግን ዕድሜው የኔ፣ መንደሩ የኛ...

ከዚያ አነበበችልኝ። በክፍለ ሀገራችን ይህ በሽታ በሁለት ዓመት አንድ ሰው ገደማ ይይዛል። ድሮም እንዲሁ፣ ዘንድሮም እንዲሁ። የተለወጠው ከተያዘ በኋላ ያለው ነው። ክኒኑ ሳይመጣ ከታመሙት አምስት ሰዎች አምስት ዓመት የዘለቀው አንድ። ከመጣ ወዲህ የታመሙት ስድስት፤ ከነሱ በሕይወት ያሉት አምስት ነበሩ። አሁን አራት ይላል። ሰዉ እንዲህ ጥቂት ሲሆን አንድ ሽማግሌም ብዙ ነው ለካ!

"በይ አስነሺኝ።"

"አልችልም። ለአያቷ ስትል ቁጥር ነካች ይሉኛል። ደንቡ፣ አብሮዎት የሚኖር ሰው በስልክ ሙሉ ስም ጠርቶ በሕይወት አሉ ማለት አለበት።"

"እኔው ልናገራ!"

"ሟች አይመሰክርም አያቴ።"

"የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ቢጽፍስ?"

"ወር ይፈጃል።"

የጃዝጉል ነጭ ደም በየሳምንቱ እያሻቀበ ነው ብላኛለች ሮዛ። ወር ከየት ይመጣል? አብሮኝ የሚኖር ሰው ደግሞ... አይ።

መጋቢት 7

አናርኩልን ጠየቅኳት። ፊቷ ደም መሰለ።

"ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ አባባ። እማማ ሲያርፉ ክብሩን ጠብቂለት ብለውኛል። ያንን ላፍርስ?"

አላሾፍኩባትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

መጋቢት 9

ስለ ስም አላነሳሁም። የሳምቡሳ ሻጯ ትልቁ ልጅ ስድስት ዓመቱ እንደሆነ ብቻ ነገርኳት። ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ እያጠበች ነበር። ውሃው ግን ባዶ እጇ ላይ ሲፈስ ቆየ...

መጋቢት 11

ነገ ኖውሩዝ ነው፣ የጸደይ አዲስ ዓመታችን። ግቢያችን ውስጥ ትልቁ ብረት ድስት ተጥዷል፤ ጎረቤቱ ተራ በተራ የስንዴ ቡቃያውን ያማስላል። ያማሰለ ሁሉ በልቡ ይመኛል። አናርኩል ተራዋ ደረሰ። አማሰለች፣ ማማሰያውን ለጎረቤት ሰጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወደ ቤት ገባች።

ተከትዬ በሩ ኋላ ቆምኩ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

"ሀሎ... አዎ፣ እኔ ምራታቸው ነኝ። አሉ፣ በሕይወት አሉ። ... ሙሉ ስም?"

ሻሿን አስተካከለች። ወደ ባዶው ወንበሬ ዞራ ጎንበስ አለች፣ ያኔ ሙሽራ ሆና እንደገባችበት ቀን።

"ኮዙበክ ቶሮባዬቭ።"

በሹክሹክታ ነበርና ልጁ ይድገሙልኝ አላት መሰለኝ።

"ኮዙበክ ቶሮባዬቭ! አሉ አልኩህ! ይኸው ግቢ ውስጥ ሰው እያስቸገሩ ነው!"

በሰባ ሁለት ዓመቴ ሮጥኩ። ድስቱ ጋ ደርሼ ማማሰያውን ከጎረቤት ቀማሁ። ወጣች። አላየኋትም፣ አላየችኝም። "ይሄ ጭስ!" አልኩ ዓይኔን እየጠረግኩ። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

መጋቢት 14

ሮዛ ደወለች። ኮምፒውተሩ ሕያው ነው ይላል። ጃዝጉል ሁለቴ አነበበችው። ገጹን ራሷ ዘግታ፣ ራሷ ከፍታ፣ ሦስተኛ አነበበችው። ከዚያ ውሃ ስጡኝ አለች።

ሰኔ 6

ጃዝጉል ዛሬም ከምሳ በኋላ ደወለች። አንድ ቀን አታሳልፍም።

"ሟቹ! ዋጡ?"

"ዋጥኩ። አንቺስ ጨው ቀነስሽ?"

"ገዢ አላማረረም። የሚያማርረው የሞተው ብቻ ነው።"

ነጭ ደሟ ወርዷል። አይዚሬክም አዲሱን ሠንጠረዥ አነበበችልኝ፦ ክኒኑ ከመጣ ወዲህ የታመሙት ከነጃዝጉል ሰባት፣ በሕይወት ያሉት ስድስት።

አናርኩል ድስቱን ከፈተች።

"ምን አለ ልጄ?"

"መአ ባይ።"

"ስሙን ታውቂው የለ እንዴ?"

"የማንን አባባ?" ፊቷ ላይ ምንም የለም። እሷም ከኔ ተማረች...

በዚህ መንደር ሽማግሌ ሁሉ ስሙን ከምራቱ አፍ ሳይሰማ ነው የሚቀበረው። እኔ ሁለቴ ሰማሁ። አልነግራትም።