ጠመንጃ ከመግዛትሽ በፊት

መታሁት እትዬ። ያንን ድንቻችንን እየገለበጠ ሲፈነጭበት የከረመውን ከርከሮ በገዛ ጠመንጃዬ፣ በገዛ ጣቴ መታሁት። ከዚያ ወዲህ መንጋው ወደ ማሳው ዝር አላለም፤ ድንቹም ተርፏል። መሬቱን ለቀን ከተማ ልጃችን ዘንድ፣ በዚያች ከአልጋ ሌላ በማታስገባ ክፍል ተቆልለን መኖራችን ቀረ።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? ጋሼ ባልሽን ያ ሳል ለቀቀው ወይስ ዛሬም መድኃኒቱን መስኮት ላይ ደርድሮ እያየ ነው የሚድነው? ያቺ የዓይን ሐኪም ልጅሽስ እንዴት ናት? እኛ ደህና ነን። እኔ ትከሻዬ ከመበለዙ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እሱም የደስታ ስለሆነ አያምም። ባለቤቴ እንደ ወትሮው ነው፣ ማለትም ነጋ ጠባ ያደርቀኛል።

ባለፈው ደብዳቤሽ ከርከሮ አተርሽን እንደጨረሰውና አንቺም ጠመንጃ ልትገዢ እንዳሰብሽ ጽፈሽ ምክር ጠይቀሽኛል። እግረ መንገድሽንም «ቤታችሁ ጠመንጃ እያለ አንቺ ሌላ መግዛትሽ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» ብለሽ ወጋ አድርገሽኛል። ቅብጠት አይደለም። ቆይ በተራ በተራ ልንገርሽ፤ በተራ ማውራት እንደማልችልበት ብታውቂም።

የባለቤቴ ጠመንጃ ተጣመመ። ይህን የሚለው እሱ ነው። አምናን ሙሉ ሲተኩስ ሲስት፣ ሲተኩስ ሲስት ከረመ። ይህ ሰውዬ እኮ ሲያገባኝ ከዛፍ ጫፍ ፍሬ በጥይት እያወረደ ያጎርሰኝ የነበረ ነው። «አፈሙዙ ተጣሟል» ብሎ ጠመንጃ ጠጋኙ ዘንድ ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ። ጠጋኙ ጓሮው የአሸዋ ክምር ላይ ጣሳ አቆመና ተኮሰ። መሀል ለመሀል በሳው። ደገመና ያንኑ ቀዳዳ አሰፋው። «ጋሼ፣ ጠመንጃው ምንም የለበትም» ቢለው «ከአፍንጫህ ሥር አቁመህ የማን አያት ይስታል?» ብሎ ተቆጥቶ ይዞት ወጣ። መንገዱን ሙሉ የዘንድሮ ባለሙያ እንዴት እንደተበላሸ ሲያስረዳኝ መጣ። እኔ ግን የማስበው ጣሳውን ነበር።

ቀጥሎ ጋሪውን መታው። የእጅ ጋሪያችንን፣ ያችን ድንች የምንገፋባትን። ማሳው መሀል አቁሜያት ነበር፤ ፀሐይም ገና አልጠለቀችም። ጎማዋ ድው ብሎ ፈነዳ። ሮጦ መጥቶ «ከርከሮ መስሎኝ፤ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ» አለኝ። ጋሪ መቼ ብቻውን ተንቀሳቅሶ ያውቃል? እኔ ከጋሪዋ ሥር ጎንበስ ብዬ አረም እየነቀልኩ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በማግስቱ «እንደገና ይታይ» ብዬ ጠመንጃውን እኔው ወስጄ ለጠጋኙ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ዕቃ ታዞለታል፤ ዕቃው ግን አልመጣም። ባለቤቴ በሄደ ቁጥር ጠጋኙ «ገና ነው ጋሼ፣ መርከብ ላይ ነው» ይለዋል። ውሸት የማያውቅበት ሰው ስለሆነ ይህን ሲል ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። ደግነቱ ባለቤቴ ልብ አይለውም።

ከዚያ ወዲያ ለባለቤቴ «ከልጅነቴ ጀምሮ ጠመንጃ ያምረኝ ነበር» አልኩት። ሳቀ። «መርፌ ሲያሳዩሽ ሐኪም ቤቱን በጩኸት የምትንጂ ሴትዮ» አለኝ። «እንግዲያው አንተ አስተምረኝ» ስለው ግን ሳቁን አቆመ። «እሺ፤ ግን አስቸጋሪ አስተማሪ ነኝ» አለ። በዚህ እንኳ አልዋሸም።

እና ምክሬ ይኸውልሽ። መጀመሪያ ፈቃድሽን አውጪ፤ ስትሄጂም ትዕግሥትሽን ቋጥረሽ ሂጂ። ቢሮው ውስጥ ያለው ልጅ «ለባለቤትዎ ነው?» አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። «እንግዲያው ባለቤትዎ መጥተው ይስማሙ» አለኝ። ባሌ የጥርስ ብሩሽ ስገዛም መጥቶ አይስማማም፣ አንተ ማኅተምህን ምታልኝ አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ሳቀ፤ መታልኝ።

ሱቅ ስትገቢ ደግሞ የሻጩን አፍ አትስሚ። የኛው ሻጭ ባለቤቴን እያየ ነው ለእኔ የሚያስረዳው። ከቁመቴ የሚተካከል፣ ሰደፉ እንደ መስታወት የሚያበራ አውርዶ «እናቴ፣ ይሄ ዝሆን ይጥላል» አለኝ። ዝሆን ድንቼን አልበላብኝም አልኩት። ጀማሪ ሁሉ ትልቅ ይወዳል፣ ከዚያ ትከሻው ሲነረት ቃታውን ገና ሳይስብ ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ይህን ያለኝ ባለቤቴ ነው። ክብደቱን በእጅሽ ይዘሽ ቁሚ፤ ሻጩ ሲያወራ ክንድሽ ከዛለ ያ ጠመንጃ ያንቺ አይደለም። ጥይቱ ደግሞ እዚያው ሰፈራችሁ የሚገኝ ይሁን። የኛ ጎረቤት ከሩቅ አገር የመጣ ጠመንጃ ገዝቶ ጥይት ስላጣለት አሁን በር ይደግፍበታል።

ልኩን ለማወቅ ባለቤቴ እንዲህ አሳየኝ፦ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጠመንጃውን ወደ ትከሻሽ አንሺና ጉንጭሽን ሰደፉ ላይ አሳርፊ። ከዚያ ዓይንሽን ግለጪ። ማነጣጠሪያው ሳትፈልጊው ፊትሽ ከተገኘ ግዢው፤ አንገትሽን እያሰገግሽ የምትፈልጊው ከሆነ መልሺው። ሁለቱን መለስኩ፤ ሻጩ ፊቱን አጠቆረ። ሦስተኛው ሰው የያዘው አሮጌ ነበር፤ ስገልጥ ልክ እፊቴ ተገኘ።

አሮጌ ከገዛሽ ማቀባበያውን አስወጥተሽ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሪና ውስጡን እዪ። ባለቤቴ እዚህ ላይ ጠመንጃውን ለእኔ ሰጠኝና «አንቺ እዪና ንገሪኝ» አለኝ። ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል ወይ፣ ጠቃጠቆ አለው ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ እኔ እመልሳለሁ። ለምን ራስህ አታይም ብለው «የምትማሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ሻጩ በመጨረሻ «የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ልግጠምልዎ» ሲል ግን ባለቤቴ «እስቲ ልየው» ብሎ ተቀበለው። ወደ ውጭ ደግኖ ብዙ ቆየ። በጣም ብዙ። ከዚያ ለሻጩ መለሰለትና «ይሄም ተጣሟል» አለው።

ያለ መነጽር ገዛን።

ጥገናው ላይ ነው ያበድኩት። መጀመሪያ ሰውዬው ተኩሼ በመጣሁ ቁጥር እጄ ላይ ይቆማል። ከኋላ ወደ ፊት ወልውይ እንጂ ከአፉ በኩል ዘንግ አታስገቢ፣ ጫፉን ትፍቂዋለሽ። ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ አትተዪ። ዘይት ጠብታ ይበቃዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘይት ሳፈስ «ምነው፣ ልትጠብሺው ነው?» አለኝ። ዘይት ከበዛ አቧራ ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል አሉ፤ እሺ፣ ይሁን። እኔ ግን ከዘይቱ የባሰ ሠርቻለሁ። ያ የዝናብ ሳምንት ሲመጣ ጠመንጃው በረደው ብዬ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስተኛሁት። አትሳቂ። አዲስ ዕቃ ነው፣ አሳዘነኝ። ለካ ብርድ ልብስ እርጥበት ይጠጣል። ባለቤቴ አውጥቶ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳበሰውና «ዝገት ጀምሮታል፣ እዚህ ጋ» አለኝ። እኔ ወስጄ ደጅ ፀሐይ ላይ ባየው ባየው ምንም የለም። መነጽሬን አድርጌ ሳየው የሰናፍጭ ፍሬ የማታህል ቡናማ ነጥብ። በጣቱ ያገኛት እኮ ነው እትዬ። አሁን በደረቁ፣ ብቻውን አቁሜው ነው የማሳድረው፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፋል፣ ቁልፉ እኔ ወገብ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልንገርሽ። ባዶ ነው ብለሽ የምታምኚው ጠመንጃ የለም። ከሰው ስትቀበዪም ስትሰጪም ከፍተሽ እዪ፣ እጅሽንም ከተሽ ዳብሺ። አፉን ሰው ወዳለበት አታዙሪ። ጥርት አድርገሽ ያላየሽውን ነገር ደግሞ፣ ምንም ቢመስልሽ፣ አትተኩሺ። ይህችን የመጨረሻዋን ሲያስተምረኝ ሦስቴ አስደገመኝ። እኔም ጋሪዋን አላነሳሁበትም።

የመታሁበትን ቀን ሳልነግርሽ ልረሳው ነበር። አመሻሽ ላይ ማሳው ዳር ከሠራልኝ ማማ ላይ ወጥተን ተቀመጥን፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላዬ። ብዙ ቆየን። እግሬ ደነዘዘ፣ ትንኝ በላኝ፣ ባል ማግባቴንም ተራገምኩ። ምንም አይታየኝም ስለው «ዝም በይ፣ ከግራ እየመጡ ነው፣ ከፊት ያለው ከባድ ነው» አለኝ ጆሮዬ ላይ። እውነትም ትንሽ ቆይቶ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ፣ ወይፈን የሚያህል። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «ከኋላው ምን አለ?» አለኝ። የኮረብታው አፈር ነው አልኩት። «ሰው የለም?» የለም። «ጥርት ብሎ ይታይሻል?» ይታየኛል። «እንግዲያው ተንፍሺ፣ ቃታውን አትንጠቂው፣ ጭመቂው።» ጨመቅሁት።

ሲጋደም አየሁት፤ ገላጣው መሬት ላይ፣ የጀምበሯ ብርሃን ቁልጭ አድርጎት። ሌሎቹ እየጮሁ ፈረጠጡ። ባለቤቴ ትከሻዬን እንደያዘ «መታሽው?» አለኝ።

መታሁት አልኩት።

«አየሁ እኮ» አለኝ።

እና ደስታችን ላይ ሁላችሁም መጥታችሁ አብረን ድንቹን እናወጣለን፣ እንበላለን፣ እንጫወታለን። ጋሼ ሳሉን ይዞም ቢሆን ይምጣ። ልጅሽ እንዳትቀር፤ ያንን ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳና የመስታወቶቹን ሣጥን ይዛ ትምጣ። አክስቴ ማነጣጠሪያው ደበዘዘብኝ ብላ ነው ያስጠራችኝ ትበል። እኔ መርፌም ሰሌዳም እንደምፈራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ «መጀመሪያ አንተ ተቀመጥና አደፋፍረኝ» እለዋለሁ፣ እምቢ አይለኝም። በደብዳቤ ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ደብዳቤሽን የማነብለት እኔ ነኝ፤ ድምፅሽ ደስ ይላል እያለ ካስለመደኝ ቆይቷል፣ እኔ ደግሞ እያነበብኩ መዝለል አልችልበትም።

አተርሽን ይጠብቅልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የምትገዢው ጠመንጃ በሰው ላይ የማይዞር ይሁንልሽ።

ትከሻዋ የበለዘው ታናሽ እህትሽ

ቀኑን ሳልጽፍልሽ፦ የፊታችን እሑድ ነው። ማታ እንዳትመጡብኝ፤ ጠዋት፣ ፀሐይ በረንዳው ላይ ሞልታ ሳለች።