ተራራው የጋረደው መልእክት

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ሐይቅ

ዛሬ እማዬን አስደነገጥኳት። ያለ ሹፌር የሚሄዱ ሁለት መኪኖች በሬዲዮ ሲነጋገሩ በኮምፒውተር እየሞከርኩ ነበር። መንገዱን የአምባሰልን ጠመዝማዛ አስመስዬ ነው የሠራሁት። ተራራው መሀል ሲገባ፣ የፊተኛው መኪና "ቆሜያለሁ" ብሎ የላከው መልእክት ለኋለኛው ሳይደርስ ቀረ። አዲስ አበባ ላለው አለቃዬ ደውዬ "ኩርባው ላይ ተጋጩ" አልኩት።

እማዬ ከጓሮ ሰምታ "ያ አላህ! ሰዒድ ነው?" እያለች ገባች። ወንድሜ ሰዒድ የወልድያ ሚኒባስ ይነዳል። "እማ፣ የኮምፒውተር መኪና ነው" ብላት አላመነችኝም። ብንደውልለት ስልኩ አይሠራም። ግጭቱ የውሸት እንደሆነ እያወቅኩ እኔም ደጋግሜ ደወልኩለት። በኋላ ውጫሌ ሲደርስ ራሱ ደወለ።

"አብሽሩ፣ ተራራው ኔትዎርኩን ጋርዶት ነው" አለን።

እማዬ "አልሐምዱሊላህ" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አመሻሽ ላይ አለቃዬ "ተራራውን አውጪውና ድገሚው፤ ውጤቱ ነገ ይፈለጋል" ብሎ ጻፈልኝ። ተራራው ከወጣ መኪኖቹ ፈተናውን እንደሚያልፉ ሁለታችንም እናውቃለን። አላወጣሁትም። "ወድቀዋል" ብዬ ግጭቱን እንዳለ ላክሁለት። ምን እንደሚለኝ እንጃ። ሰዒድ ግን ነገም ጠዋት በዚያው ኩርባ ያልፋል።