በየበሩ የሚንጠለጠለው ከረጢት፦ የወይዘሮ አርዜላ ፕሩይት ጋዲስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አርዜላ ፕሩይት ጋዲስ ከአባታቸው ከአቶ ሆዜያ ፕሩይትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለርሊን ማክሌሞር እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1944 በአርካንሳስ፣ በቴሬል ክሪክ ተወለዱ። አባታቸው በሰው የጥጥ መሬት ላይ እኩል አራሽ ነበሩ። ከተወለዱት አምስት ልጆች ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት አራቱ ብቻ ናቸው። አምስተኛው ለምን እንዳልደረሰ በቀብር ላይ አይነሳም ያሉኝ ዘመዶች አሉ። እኔ ልጃቸው ዶርቲያ ግን አነሳዋለሁ፤ እናቴም ዝም ብለውት አያውቁም።

በ1954 መጀመሪያ፣ ጥጡ ተለቅሞ አልቆ ሥራ በማይገኝበት የብርድ ወራት፣ ለአዲሲቱ ገሊላ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ፓስተር መጡ። በእኛ አገር አዲስ ፓስተር ሲገባ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ምግብ ይዞ ይሄዳል፤ ዱቄት ያለው ዱቄት፣ ስኳር ያለው ስኳር። በሆዜያ ፕሩይት ቤት የቀረው አንድ ፓውንድ ተኩል የማይሞላ የበቆሎ ዱቄት ነበር። ወይዘሮ ለርሊን ከዚያ ላይ አንዱን ፓውንድ መዝነው፣ በሰማያዊ ጨርቅ ቋጥረው፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለነበሩት ለአርዜላ አስያዙ።

«እማዬ፣ እኛስ ምን ልንበላ ነው?»

«ዝም በይ! ባዶ እጃችንን ብንቀር ነገ የአገር መሳቂያ ነን።»

በፌብሩዋሪ የአራት ዓመቱ ወንድማቸው ክሊዮፈስ ሞተ። ወረቀቱ ላይ የሳንባ ምች ተብሎ ተጻፈ። አያቴ ለርሊን እስኪሞቱ ድረስ «ሳንባውን አዩለት፤ ሆዱን ማን ጠየቀው?» ይሉ ነበር። ብርዱ ሲያልፍ የፓስተሩ ሚስት ጓዳቸውን እንዲያጸዱላቸው አርዜላን አስጠሩ። ጓዳው ከመሙላቱ የተነሳ መቆሚያ አልነበረውም። ከታች፣ ከሌላው ሁሉ ሥር፣ ሰማያዊው ቋጠሮ እንደታሰረ ተገኘ። ነቅዞ ነበር። ለዶሮዎቹ ድፊላቸው ተባሉና ደፉ። ፓስተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የመጣላቸውን በልተው መጨረስ ስላቃታቸው ነው። እናቴን ሰባ ዓመት ሙሉ ያንገበገባቸው ይኸው ነበር፦ ክፉ የተባለ ሰው በሌለበት አገር ልጅ ተርቦ መሞቱ።

ወይዘሮ አርዜላ ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። የዘለሉት ክፍል የለም፤ የዘለሉት ወር ግን ብዙ ነው፤ ጥጥ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ነበርና። በ1962 ከአቶ ኤልሞር ጋዲስ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሁለት ልጆች ወልደዋል። ከ1967 ጀምሮ ለሠላሳ አራት ዓመት በከተማችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በወጥ ቤትነት ሠርተዋል። ባልደረቦቻቸው እንደሚመሰክሩት ሰኞ ሰኞ ያለ ማንም ትእዛዝ ከሌላው ቀን አብልጠው ያበስሉ ነበር። ከአርብ ምሳ እስከ ሰኞ ቁርስ ምንም ያልቀመሱ ልጆችን ከሳህን አያያዛቸው ያውቋቸው ነበር።

በ1983 የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች አስተባብረው አርብ አርብ ምግብ በከረጢት ማደል ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ስህተት ነበር፤ ስህተቱም የራሳቸው ነበር። ከትምህርት ቤቱ የችግረኛ ልጆች ስም ዝርዝር ተቀብለው፣ ልጆቹን በር ላይ አሰልፈው ሰጡ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ «ከረጢቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። አንድ አርብ ወይዘሮ አርዜላ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቦይ ውስጥ የተጣለ ከረጢት አገኙ። የሬኔታ ነበር፤ ቤቷ ሦስት ወንድሞች እጇን እጇን እያዩ የሚጠብቋት የአሥር ዓመት ልጅ። ሄደው ጠየቋት።

«እማማ አርዜላ፣ ይዤው ሰው ከሚያየኝ ረሃቡ ይሻለኛል» አለቻቸው።

ከረጢቱን ታቅፈው መንገድ ዳር ተቀምጠው አለቀሱ። የእናታቸውን ቋጠሮ ለፓስተሩ ጓዳ ያሸከማቸው ይሉኝታ፣ አሁን በእሳቸው እጅ በሌላ ልጅ ላይ ተጭኖ ነበር። በማግስቱ ዝርዝሩን ቀደዱት። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም አዲሱን ደንብ አቀረቡ፦ ከረጢቱ አርብ ንጋት ላይ በከተማው በር ሁሉ ላይ ይንጠለጠላል። ያልቸገረው ቅዳሜ አንድ ፓውንድ ጨምሮበት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳጥን ውስጥ ይመልሳል። ማን እንደመለሰ፣ ማን እንዳስቀረ የሚያይም የሚቆጥርም የለም።

ዲያቆን ሩፈስ ቲልማን ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ? የሐኪሙ በር ላይም ባቄላ ልትሰቅዪ ነው?»

«አዎ፣ ዲያቆን። የእርስዎም በር ላይ።»

«እኔ መች ተራብኩና!»

«እሰየው፤ ይመልሱታላ። ለተራበው ሰው ስል እንጂ ለእርስዎ ብዬ መሰለዎት? አንድን ልጅ ‹ርቦኛል ብለህ እጅህን አውጣ› ከምለው የእርስዎን በር መቶ ጊዜ ባንኳኳ እመርጣለሁ።»

ዲያቆን ቲልማን፣ ኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ሦስት ወር አኩርፈው ከረጢቱን ምንም ሳይጨምሩበት መለሱ። በአራተኛው ወር ሁለት ፓውንድ ሩዝ ጨመሩበት፤ ምክንያቱን ማንም አልጠየቃቸውም። እንዲህ እየሆነ አርባ አንድ ዓመት፣ ጎርፍ በገባበት ሳምንት እንኳ ሳይቋረጥ፣ መቶ አሥራ ሁለት በር ላይ ተንጠልጥሏል።

አንድ ጊዜ ከሩቅ ከተማ የእርዳታ ሰዎች መጥተው የጭነት መኪና ሙሉ ምግብ እንሰጣለን፣ ልጆቹ ይዘውት ፎቶ ይነሱ አሉ። እናቴ ሽርጣቸውን ፈትተው ከካሜራው ፊት ቆሙና «እኔን አንሱ፤ እኔም ልጅ ሆኜ ርቦኝ ነበር። ልጆቹን ግን ልብ ካላችሁ አትንኳቸው!» አሏቸው። መኪናው ምግቡን እንደጫነ ተመለሰ። በኩራት ነው ብለው ያሟቸው ነበሩ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በዙሪያችን ያለው መሬት ሩዝና አኩሪ አተር በመርከብ እየጫነ ባሕር ማዶ ይቀልባል። በዚያ መሬት መሐል አንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ ዕድሜ ልኳን የጎረቤት ልጆችን በፓውንድ እየሰበሰበች መመገብ የነበረባት ለምንድን ነው? ይህን የሚመልስ ባለሥልጣን ዛሬ እዚህ ከተቀመጠ፣ ከጸሎቱ በኋላ ውጭ እጠብቀዋለሁ።

ወይዘሮ አርዜላ ከሁለት ዓመት ወዲህ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ አርብ ጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ንጋት ላይ በሰማንያ ዓመታቸው አርፈዋል። ከምኖርበት ከሜምፊስ ደርሼ የቤታቸውን በር ስከፍት የዕለቱ ከረጢት እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጓዳ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ያለው ምግብ በሙሉ የከረጢቱ ነበር፤ ባቄላ፣ ሩዝ፣ የቆርቆሮ ዓሣ። ሌላ ምንም የለም። መሳቢያው ውስጥ ሰባ አንድ ባዶ ከረጢት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጡረታቸው ለመድኃኒት እያለቀ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የበሉት በራቸው ላይ የሚንጠለጠለውን ነበር። እሑድ እሑድ ደውዬ «እማዬ፣ ምን በላሽ?» ስላቸው «ባቄላ ሠርቼ ጠገብኩ» ይሉኝ ነበር። አልዋሹኝም። ከየት እንዳመጡት የጠየቅሁበት አንድም እሑድ የለም። በገዛ እጃቸው ባወጡት ደንብ፣ ረሃባቸውን ከእኛ ከልጆቻቸው ሸሸጉ። በመሬቱ ባለቤቶች ተናድጄ ነበር፤ ከዚያ መሳቢያ ወዲህ በራሴም ነው።

ወይዘሮ አርዜላ ልጆቻቸውን ዶርቲያንና ኤልሞር ታናሹን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ያበሏቸውን ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ልጆች ትተዋል። ባለቤታቸው በ2009 ቀድመዋቸዋል። አበባ አናስቀምጥም። በመውጫው በር ሳጥኑ አለ፤ አንድ አንድ ፓውንድ ጨምሩበት። የፊታችን አርብም ከረጢቱ እንደ ወትሮው በየበሩ ይንጠለጠላል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ «ርቦሃል ወይ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ሁሉም ከሚቀርብበት ማዕድ ያስቀምጥልን። ክሊዮፈስም በልቶ ይጠብቃቸው።