በማዘንበል ይነዳ ስለነበረው አውቶቡስ

ለተከበሩ የጨዋታ መሣሪያ አምራች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ድርጅትዎ በቅርቡ ባደረገው ማሻሻያ መሠረት ያለ ጣት መጫወት ቀርቷልና።

እኔ የአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ባለቤት ነኝ። ድሮ እሱ ሲነዳ ትኬት የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ በሽታ ከጣለው ወዲህ ክንዶቹን ያንቀሳቅሳል እንጂ ጣቶቹ አይታዘዙለትም። ልጃችን ያንን በእጅ የሚያዝ መሣሪያዎን ገዝታ ስታመጣለት ግን፣ ወደ ግራ ሲያዘነብሉት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉት ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አውቶቡስ አገኘበትና፣ በሁለት መዳፎቹ መሃል እንደ መሪ ይዞ መንዳት ጀመረ። ጨዋታው የሚሸልመው ፈጥኖ የደረሰን ነው፤ የእኔ ሰው ደግሞ በየፌርማታው ስለሚቆም አንድ ቀን እንኳ አሸንፎ አያውቅም። እኔም አጠገቡ ሽንኩርት እየላጥኩ «ወራጅ አለ!» እለው ነበር። አንዴ ረስቼ ዝም ብል «ሰው አሳለፍሽብኝ እኮ» ብሎ እስከ ማታ አኮረፈኝ። ደስ ይለን ነበር፣ ክቡር ሆይ።

ቅሬታዎቼን ከምስጋና ጋር አቀርባለሁ፦

1ኛ. መሣሪያው ሳያስፈቅደን ራሱን አሻሽሎ፣ ማዘንበሉን አንስቶ በምትኩ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች አመጣልን። «ለእርስዎ ምቾት ሲባል» የሚል ጽሑፍም ነበረበት። ለእኛ ምቾት እንዲህ እንቅልፍ ማጣትዎን በማወቄ ልቤ ተነክቷል።

2ኛ. ባለቤቴ ይህን ሳያውቅ እንደወትሮው አዘነበለ፤ አውቶቡሱ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ከግንብ ጋር ተላተመ። ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና እጆቹን አይቶ «በቃ፣ እነዚህም ሞቱ» አለ። ጥፋቱ የድርጅቱ ነው ብዬ ብነግረው፣ ላጽናናው የምዋሽ መሰለውና «አንቺ ደግሞ ለእኔ ስትይ» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኩባያ እንኳ በመዳፎቹ አቅፎ መጠጣቱን ትቷል፤ የማጠጣው እኔ ነኝ።

3ኛ. የደንበኞች አገልግሎት ክፍልዎ አቤቱታዬን ሰምቶ «በጣቱ እንዲጠቀም ይምከሩት» ሲል መለሰልኝ። ምክሩን ለሐኪሙ አድርሻለሁ፤ እስከ ዛሬ እንዴት ሳያስበው እንደቀረ ገርሞታል።

ማዘንበሉ ካልተመለሰ ይቅር። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውቶቡሱ አልታጠፍ ያለው በድርጅቱ ጥፋት እንደሆነ፣ የእሱ እጆች ግን ደህና እንደነበሩ፣ በማኅተም ይጻፉለት። ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሰው ነበርና የሚስቱን ቃል ባያምን ማኅተም ያምናል። በጨዋ ቃል ልሸፍነው ብሞክርም፣ በጣም አዝኛለሁ።

ውድ ጊዜዎን በእኛ ተራ ነገር ስላጠፋሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለድርጅትዎም ማለቂያ የሌለው ማሻሻያ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የሹፌሩ ሚስት፣ የቀድሞ ትኬት ቆራጭ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ መሣሪያዎ ጮኸና «ናፍቀኸናል! መቼ ትመለሳለህ?» የሚል መልእክት አመጣ። ባለቤቴ ምን እንደሆነ ጠይቆኝ ሳነብለት፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ የላኩበት መሰለውና ጺሜን ላጪኝ አለኝ። አሁን ተላጭቶ፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ በር በሩን እያየ ተቀምጧል። ማን እንደናፈቀው እባክዎ እርስዎ ይንገሩት፤ እኔ አቅም የለኝም።